ጭላሎ ላይ የጠፋችው ባትሪ

ማክሰኞ

ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ጫልቱ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጡኝ። "መምህር፣ ልጆቹን እንደገና ጭላሎ ለማውጣት ምን ምን እንደሚይዙ ጽፈው ያምጡ። የአምናው እንደማይደገም ያሳምኑኝ። አለዚያ የተራራ ጉዞ ክበቡ ይዘጋል።" እውነታቸውን ነው። አምና ከተራራው ስንወርድ ጉም ያዘን፣ መሸብን፣ ግንባሬ ላይ ያሰርኳት ባትሪ ድርግም አለች። ሐዊ የምትባል ተማሪዬ በጨለማ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። "የባትሪውን ድንጋይ ብርድ ገደለው" ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ፤ ለራሴም ጭምር። የፊዚክስ መምህርን ማን ይከራከራል?

ዝርዝሩን ጀመርኩ፦ የግንባር ባትሪ (በድንጋይ ወይስ በቻርጅ?)፣ ፓወር ባንክ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ፊሽካ። ፊሽካ ድንጋይ አይፈልግም፤ ወደድኳት።

ረቡዕ

የሒሳብ መምህሩ በፀሐይ የሚሞላ ፓወር ባንክ አለው። መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ግድ የለኝም እያለ ይፎክርበታል። ተውሼው መስኮት ላይ አሰጣሁት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ የበራችው አንዲት የቻርጅ ነጥብ ብቻ! የጭላሎ ጉም ውስጥማ ምን ሊሆን ነው? ተሰረዘ። በቻርጅ የሚሠራውንም ባትሪ ሰረዝኩ፤ ለጉዞው ዋዜማ መብራት ቢጠፋስ? ድንጋይ ይሻላል፣ መለዋወጫው በኪስ ይያዛል። የቀረው ጥያቄ ብርዱን ስንት ሰዓት እንደሚችል ነው።

ሐሙስ

ጠዋት የአምናዋን ባትሪ አዲስ ድንጋይ አስገብቼባት ጋሽ ሽፈራው ሥጋ ቤት ወሰድኳት። አብርቼ ፍሪጅ ውስጥ እንዲያኖሩልኝ ለመንኳቸው። "ደግሞ ሥጋውን ልታስተምረው ነው?" ብለው ሳቁብኝ፤ ግን አስገቧት። አራት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ተመለስኩ። ትበራለች! ትንሽ ፈዘዝ ብላለች እንጂ ትበራለች። አምና ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ጥያቄ ይዤ ወጣሁ።

ታዲያ አምና ምን አጠፋት? ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ልክ እንደዚያን ቀን አጨቅኩት። ዳቦ፣ ሹራብ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ባትሪዋ ደግሞ ጠፍታ ከላይ። ተሸክሜው ግቢውን ዞርኩ። ሳወርደው ጨርቁ ከውስጥ በብርሃን ቢጫ ሆኗል። ጠርሙሱ ማብሪያዋን ተጭኗታል። አምና ተራራውን ስንወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ስትበራ ዋለች ማለት ነው። ማታ የቀራት ጭላጭ ነበር። ጥፋቱ የብርዱ ሳይሆን የኔ ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ማን መርምር አለኝ? ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሐዊ ግን ክንዷ እስከ ዛሬ ሲበርድ ይጠዘጥዛታል። አፈርኩ።

ዓርብ

ለወይዘሮ ጫልቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቦርሳ ውስጥ እንዴት እንደምትበራ አሳየኋቸው፣ መላውንም ጭምር፦ እስክንፈልጋት ድረስ አንዱን ድንጋይ ገልብጦ ማስገባት። ወይዘሮ ጫልቱ ራሳቸው ገልብጠው ማብሪያዋን ደጋግመው ተጫኑ። አልበራችም። "ማሎ፣ እባክዎ መምህር! ዓመት ሙሉ ብርዱን ስናማው ከረምን" አሉ። ሳቅ መስሎኝ ቀና ስል አልሳቁም። "ይህንኑ ለሐዊ አባት ይንገሯቸው። እሳቸው እሺ ካሉ እፈርማለሁ።"

ቅዳሜ

ሐዊ ቤት ሄድኩ። አባቷ አቶ ገመዳ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ሐዊንም ጠየቅኳት። በመጨረሻ "ድንጋዩን የሚገለብጠው ማን ነው?" አሉኝ።

"እኔ" አልኩ።

"አይሆንም። እርስዎን አላምንም። የሁሉንም ቦርሳ ሐዊ ትፈትሽ።"

እሺ ማለታቸው ይሁን አይሁን ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ሐዊ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ አውርዳ ዚፑን ከፍታለች።