በክር የተለካ ጣት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለመምህር ፈቃደ
ደብረ ማርቆስ

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ብርዱን ቻለው? እኔ ደኅና ነኝ። የዘንድሮው ሙቀት ግን ለብቻው ነው፤ ለፎቶ ሥራ መብራቱን ሳበራው ክፍሏ ምድጃ ትሆናለች።

የላክኸው ክር ደርሶኛል። የወይዘሮ ብርቅዬን ጣት በክር ለክተህ መቋጠርህን ሳይ፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ማስመሪያ እንኳ አጣ ብዬ ሳቅኩ። ልትጋቡ በመሆኑ ደስ ብሎኛል ስልህ ለወጉ ያህል አይደለም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻህን ሽሮ እያሳረርክ መኖርህ ያሳዝነኝ ነበር።

ያዘዝከኝም ግልጽ ነው፤ እኔ ዘንድ የቀረውን የእማዬን የጋብቻ ቀለበት በክሩ ልክ አስፍቼ እንድልክልህ። "ውስጡ የተጻፈው የእኔው ስም ነው፤ ሌላ ማሠራት ምን ያደርጋል?" ብለሃል። እውነትህን ነው፣ ስሙ ያንተ ነው።

ስለዚህ ቀለበቱን ይዤ ጉታ ዘንድ ሄድኩ። ጉታ ገበያው አጠገብ ያለው ወርቅ ሠሪ ነው፤ አንተ ከዚህ ወደ ደብረ ማርቆስ ከሄድክ በኋላ እንጀራዬን የቀየረውም እሱ ነው። አንተ እዚህ ሳለህ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተመራቂ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙሽራ ፎቶ አነሳ ነበር፤ "ፈገግ በሉ ባይ" እያልክ ታሾፍብኝ የለ? አንዲት ሙሽራ እጇን ከነቀለበቷ ያነሳሁላትን ጉታ አይቶ፣ "የእኔንም ወርቅ እንዲህ አንሺልኝ" አለኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ወርቅ ግን እንደ መስታወት ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፤ ካሜራውንም፣ እኔንም። መብራቱ እንዲለዝብና እኔም እንድከለል ብዬ የዶርዜ ነጠላዬን ዙሪያውን ሰቀልኩ፤ ጥለቱን ረስቼ! ቀዩ መስመር በሙሉ ወርቁ ላይ ገባ። ጉታ ፎቶውን ሲያይ፣ "ሰብሊ፣ ወርቄን መዳብ አደረግሽውኮ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ዶርዜ ያለው ሸማኔ ጥለት የሌለው ነጭ ይሠራልኛል። "እንዲህ ያለ ልብስ ማን ሊለብሰው ነው?" እያለ ይገረማል። አሁን አዲስ አበባ ያሉ ጌጥ ቤቶችም ሥራ ይልኩልኛል።

ወደ ቀለበቱ ልመለስ። ጉታ በክሩ ለካውና ራሱን ነቀነቀ። "ለማስፋት ቆርጬ ወርቅ መጨመር አለብኝ። ጽሑፉ ዙሪያውን ስለሆነ ግን ከፊሉ ይጠፋል። ልቁረጠው?" አለኝ፤ መቁረጫውን እንደያዘ። ቀለበቱ በአንድ በኩል ሳስቷል። ታውቃለህ፣ እማዬ ልብስ ስታጥብ እንኳ አታወልቀውም ነበር።

"ተወው" አልኩት። አባዬ፣ አልቻልኩም። እናቴ ናፈቀችኝ።

በምትኩ አዲስ አሠራሁልህ። እኔ የጉታን ሥራዎች በሙሉ ላነሳለት፣ እሱም ቀለበቱን ሊሠራልኝ ተስማማን። ልክ በክሩ ነው፤ ውስጡም "ፈቃደ" ተብሎ ተጽፎበታል። ወይዘሮ ብርቅዬም ቢሆኑ የሌላ ሴት ጣት ያሳሳው ቀለበት አይገባቸውም፤ የራሳቸው ይኑራቸው። የአክስቴ ልጅ ካሱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዞልህ ይመጣል። እንዳትቆጣኝ። ብትቆጣም የእማዬ እኔው ዘንድ ይቀራል።

ፖስታው ውስጥ አንድ ፎቶ አለ፤ የእማዬ ቀለበት ነው። መጀመሪያ እንደ ልማዴ በነጩ ጨርቅ ከልዬ አነሳሁት። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ለሱቅ የሚሆን። ሳየው ግን የማንም ሰው ቀለበት ሆነብኝ። ጨርቁን አወረድኩና ደግሜ አነሳሁት። እንዲህ ያለውን ለደንበኛ ብልክ ይመልስብኛል። አንተ ግን መነጽርህን አድርግና የሳሳውን ጎን ተመልከት፤ ካሜራ ይዛ ያጎነበሰች አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ታያለህ።

እኔ ነኝ። አዲሱ ቤትህ ግድግዳ ላይ ቦታ ፈልግልኝ።

እግዚአብሔር ጎጇችሁን ያሙቅላችሁ፤ ለእኔም ያቆይልኝ። ለሠርጉ ፎቶ አንሺ እንዳትፈልጉ፣ እመጣለሁ።

ልጅህ
ሰብሊ ፈቃደ