ለግራ ትከሻ የተሠራ ጠመንጃ

ውድ ቨርሊን፣

በሩን ስትዘጋብኝ አልተቀየምኩህም፤ ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅልኝ። «ለዕውር ምጽዋት አታምጣብኝ» ስትለኝ መልስ ያጣሁት ቃሉ ከብዶኝ አይደለም። መንገዱን ሙሉ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር በረንዳህ ላይ ስቆም ጥሎኝ ስለጠፋ ነው። ታውቀኛለህ፣ እንጨት እጠርባለሁ እንጂ ወሬ ማሳመር አልችልበትም። ስለዚህ የሠራሁልህን ጠመንጃ ለሚስትህ ለኦሌታ ትቼላት ተመለስኩ፤ ያልተናገርኩትን ደግሞ ይኸው እጽፍልሃለሁ። በእሷ አትቆጣ። መቆጣት ካማረህ እኔ አለሁልህ።

ባለፈው መከር ወፍጮ ቤቱ ሜዳ ላይ የሆነውን ሁለታችንም አንረሳውም። ስንት ዘመን አብረን ስንተኩስ ኢላማ ስትስት አይቼሃለሁ፤ ማንስ የማይስት አለ? ኢላማው የተለጠፈበትን ሳንቃ ራሱን ስትስት ግን አይቼ አላውቅም። ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማያልቅበት ሆባርት ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንተም «ነፋስ ነው» አልክና ጠመንጃህን ወልውለህ መኪናህ ላይ ጫንከው። የዛፍ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። የቀኝ ዓይንህ ብርሃን መሃል ለመሃል እንደጠፋ፣ ሐኪሙም አይመለስም እንዳለህ ከኦሌታ የሰማሁት በኋላ ነው። ጠመንጃህን ለእህትህ ልጅ መስጠትህንም እንደዚሁ።

በበረዶው ወራት ደጋግሜ መጥቻለሁ። ኦሌታ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝቷል» ትለኛለች። ከኋላዋ ወንበሩ ሥር ቦት ጫማህ ይታየኛል፤ እግርህም ውስጡ ነው።

«ከተኛማ ጫማውን አውልቂለት እንጂ» አልኳት አንድ ቀን። ሳቋን አፍና በሩን ዘጋችው።

ሰው ሜዳ የምንወርደው ለመተኮስ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። አንተ ከቀረህ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እንደኛው ያለ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ቶሎ አይተኮስም። ባሩዱን ለክተህ ታፈሳለህ፣ አረሩን ቅባት በነካው ጨርቅ ጠቅልለህ በዘንግ ትገፋዋለህ፣ ከጎኑ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ባሩድ ቆንጥረህ ትነሰንሳለህ፣ እሳት የሚጭረውን ባልጩት ታስተካክላለህ። ያ ሁሉ እስኪሆን አንተ ስለ አማችህ ጀምረህ ትጨርሳለህ፣ እኔ ስለ ወገቤ እነግርሃለሁ። ብቻዬን ሳጎርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ረዘመብኝ። አጠገቤ የሚያማ ሰው የለም።

በረዶው እንደቀለጠ አንድ ቅዳሜ የገዛ ጠመንጃዬን አንስቼ በግራ ትከሻዬ ደገፍኩት። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በሌላው ዓይኑ ማነጣጠር ይማር እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። ቃታውን ስስብ ባሩዱ አፍንጫዬ ሥር ነደደ። የቀኝ እጅ ጠመንጃ እሳቱን የሚተፋው በቀኝ ጎኑ ነውና በግራ ስትይዘው ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። መነጽሬ ዓይኔን አዳነልኝ።

«ክሌል፣ ቅንድብህን የት ጣልከው?» አለኝ ሆባርት።

«አርጅቶ ነበር፤ አዲስ ይብቀል ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጉንጬን በቆዳ ሸፍኜ ቀጠልኩ። ግራ ዓይኔ እንደ ግትር በቅሎ ነው፤ ወደፈለግኩት አይሄድልኝም። ጣቴም ቃታውን እንደ በር እጀታ ይጎትተዋል። ሰኔ እስኪያልቅ ድረስ አረሬን ሁሉ የጠጣው ከሳንቃው ኋላ ያለው አፈር ነው። ሰዎቹ ለምን እንደማልተው ጠይቀው ጠይቀው ሰለቻቸው። አንድ ቀን ተኩሼ ጭሱ ሳይገለጥ እንጨት ቋ ሲል ሰማሁ። ሄጄ ባየው ጥግ ላይ፣ ልትወድቅ ትንሽ የቀራት፣ አንዲት ቀዳዳ። ሆባርት ተከትሎኝ መጣና በጣቱ ዳሰሳት።

«ይሄ ምስጥ የበላው ነው» አለ።

እኔ ግን ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ይህን እኔ ከቻልኩት፣ እጁ ከእጄ የሚረጋው ቨርሊን እንዴት ያቅተዋል እያልኩ ነበር። በዚያኑ ቀን በግራ የሚተኮስ ጠመንጃ ልሠራልህ ብዬ፣ ለራሴ ሰደፍ ያስቀመጥኩትን ሜፕል የሚባል ጠንካራ እንጨት ከጣሪያው ሥር አወረድኩት።

የክንድህን ልክ ያመጣችልኝ ኦሌታ ናት። ቴሌቪዥን ፊት ስታንቀላፋ በሹራብ ክር ስትለካህ ነቅተህ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብለሃታል አሉ።

«ሹራብ ልሠራልህ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ትልቅ ሹራብ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

ይሄን ስትነግረኝ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ተቀምጠህ ምንም እንደማታይ ነገረችኝ። «ዓይኑ ስላላየ አይደለም፣ ክሌል» አለች፤ «ማየት ስላልፈለገ ነው።» መላጊያዬን አስቀምጬ መዳፌን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

እንጨቱ እሺ አለኝ። ሰደፉን ለጉንጭህ ጎድጎድ አድርጌ ቀረጽኩት፣ ብረቱ የሚያርፍበትን ቦይ በመሮ ቀስ በቀስ ቆፈርኩ፣ በመጨረሻ የተልባ ዘይት በመዳፌ እያሸሁ ሳጠጣው የእንጨቱ ዥጉርጉር መስመር እንደ ነብር ጠጉር ብቅ አለ። የብረቱ ነገር ግን አበሳዬን አሳየኝ። እሳት የሚጭረውን ክፍል በግራ ጎን እንዲሆን አድርጎ መሥራት የአንተ የብረት ሠሪው ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም። ሞላው ሁለቴ ተሰበረብኝ። ባልጩቱ ብረቱን ይመታል፣ ብልጭታ የለም። ሞርሳው አጠገብ ቆሜ ከአንዴም ሁለቴ ስምህን ጠርቻለሁ፤ ቨርሊን፣ ይሄን ነገር ያዝልኝ እያልኩ።

በመጨረሻ ጫረ። ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ አስሬ፣ ባሩድ አብዝቼ፣ ዋርካ ከሚያህለው የጓሮዬ ዛፍ ኋላ ተደብቄ ቃታውን በገመድ ሳብኩት። ሳይፈነዳ ቻለው። ከዚያ በኋላ ማንም ትከሻው ላይ አላደረገውም። ሆባርት ለምኖኝ ነበር፤ ከልክዬዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ነው ምጽዋት ያልከኝ። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው የተረፈውን ነው። እኔ ግን ይህን የሠራሁት ጎድሎብኝ ነው። ከሚስቴ ሞት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ሰው የምሆነው ካንተ ጋር ሜዳ ስወርድ ነበር፤ እስከዛሬ ነግሬህ አላውቅም። ባትተኩስ እንኳ ችግር የለብኝም። አጠገቤ ቆመህ ባሩዱን አበዛኸው እያልክ ብትነዘንዘኝ ይበቃኛል።

ትናንት እዚህ ድረስ ጽፌ አቁሜው ነበር። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ይሄን ሞላ ያጠነከረው ማነው?» አልከኝ፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳትል። «ብረት ሠሪ ነው ወይስ ዳቦ ጋጋሪ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል። ፈትቼ እንደገና እየሠራሁት ነው።» ሞረድህ ብረት ሲፍቅ በስልኩ ይሰማኝ ነበርና አልጣደፍኩም። «ቅዳሜ መጥተህ ውሰደኝ» አልክ ቆይተህ። «በጠዋት ይሁን፤ ሰው ሳይመጣ። ስስት ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።»

«እኔ አይህ የለም እንዴ?»

«አንተ ደሞ ሰው ነህ?» ብለኸኝ ዘጋኸው።

ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው አስቤ ነበር፤ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብዬ። ግን አውቀዋለሁ፣ ቅዳሜ መኪናው ውስጥ የምናወራው ስለ ሞላውና ስለ ዝናቡ ነው፤ እዚህ የጻፍኩትን አንዱንም ፊትህን እያየሁ አልናገረውም። ስለዚህ ፖስታ ቤት ወስጄ እልከዋለሁ። አንብበው፣ ከዚያ እንዳላነበበ ሰው ሆነህ መኪናዬ ላይ ውጣ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ደጅህ የምቆመው፣
ክሌል