የራስ ምታቴ ደብተር

ቡራዩ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው? የላክሁልሽ ቅባት ካለቀ ለጎረቤቴ ለአረጋሽ ንገሪያት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ሰው ቤት እስከሠራ ድረስ ቀለምና ቧንቧ መግዛቱ አይቀርም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባዬ ድምፁን አስከፍቶ አብሮሽ ስለሚያዳምጥ ነው። ደብዳቤውን አረጋሽ ሽንኩርት ልትገዛ ሰበታን አልፋ እናንተ ጋ ተጂ ስትመጣ በእጅሽ ትሰጥሻለች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽ ሰው ነሽና ለማንም አታስነብቢው። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው።

«ራስ ምታትሽ ከቀለሙ ሽታ ነው፤ ሱቁን ዝጊና ወደ ባልሽ ወደ ዮፍታሔ ተመለሺ» ብለሽኝ ነበር። አልዘጋም። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ ሲስተር ሚንሃ፣ ተመርምሬ ሌላ በሽታ እንደሌለብኝ ካየች በኋላ ደብተር ያዢ አለችኝ። ባመመኝ ቁጥር ሰዓቱን፣ የት እንደነበርኩና ከማን ጋር እንደነበርኩ እንድጽፍ። መጻፍ ለነጋዴ አይከብድም፤ ስድስት ሳምንት ጻፍኩ። ቀለም ስበጠብጥ በዋልኩባቸው ቀናት አንድም ጊዜ አላመመኝም። ያመመኝ ዮፍታሔ በደወለባቸው ቀናትና ሽማግሌ በላከባቸው እሁዶች ነው። አንድ ማክሰኞ ብቻ ያለ ምክንያት አመመኝ ብዬ ነበር። ኋላ ሳስታውስ፣ ያን ቀን አዲሱ ገበያ መንገድ ስሻገር የታክሲው ረዳት «ሱሉልታ! ሱሉልታ!» እያለ ሲጣራ ሰምቻለሁ። የዮፍታሔ ቤት ያለበትን አገር ስም መስማት በቃኝ ማለት ነው።

ከዚያ መድኃኒቱን አሳየችኝ። መድኃኒት ልበለው እንጂ የሚዋጥ አይደለም። ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። እስከ አራት እየቆጠርኩ አየር በአፍንጫዬ አስገባለሁ፤ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። እጄን አጥብቄ እጨብጥና ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ። ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ቀጥሎ መንጋጋዬን። ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ እንደምውል እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር። አረጋሽ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «አንቺ፣ ደንበኛ ቆሞልሽ አየር ትመዝኛለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን እሷም ከሽንኩርቷ ጀርባ ተቀምጣ ትመዝናለች።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹ ደግመው መጡ። ኦቦ ደገፋ ብዙ ተናገሩ። ሰው ነውና ይሳሳታል፣ ዮፍታሔም ተጸጽቷል አሉ። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ እቆጥር ነበር። አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ልትመቺን ነው እንዴ?» ብለው ቀለዱ። «አይ ኦቦ ደገፋ፣ እየፈታሁት ነው» አልኳቸው። ከዚያም አልመለስም አልኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እንደ በፊቱ ስላላለቀስኩ የሚያባብሉት ሰው አጡ። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ደብተሬ ላይ «እሁድ፣ ስምንት ሰዓት፤ ጀመረኝ፤ ተወኝ» ብዬ ጻፍኩ። መተንፈሴ ዮፍታሔን አይለውጠውም። እኔን ግን ራሴን ሳልይዝ እምቢ እንድል አድርጎኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሲስተር ሚንሃ የመጀመሪያው ቀን ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ያለውን ጠባሳ ዳስሳ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። አንቺ እንዳስጠናሽኝ «ከደረጃ ወድቄ ነው» አልኳት። የሱሉልታው ቤት ደረጃ እንደሌለው ታውቂያለሽ። በዚህ ሳምንት ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ሲጠይቅሽ አንቺም የምትመልሽው ይህንኑ ነበር። የእኛም ቤት ደረጃ የለውም፣ እማዬ።

አረጋሽ ባለፈው ስትመጣ ሻሽሽን ግንባርሽ ላይ አጥብቀሽ አስረሽ እንዳገኘችሽ ነግራኛለች። ከደብዳቤው ጋር አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ልኬልሻለሁ። ባመመሽ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ ብቻ ጻፊ። ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ አስቀምጪው፤ አባዬ እዚያ እጁን አያስገባም። ስድስት ሳምንት ሲሞላ አብረን እናነበዋለን። ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍሌ ሁለት አልጋ አለው። ሁለተኛውን ያነጠፍኩት ለእንግዳ አይደለም።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን ሙሉ፣ ጠዋትሽን ቀላል ያድርግልሽ።

የበኩር ልጅሽ