ሦስት ሰፈርና አንድ መሹለኪያ

ውድ ባሂራ፣

የላክሽው ድምፅ ደርሶኛል። ያሰማችኝ ማርቲ ናት፤ ቤትሽን የተከራየችው፣ ግብርና ቢሮ የምትሠራዋ ልጅ። ደግማ እንድታሰማኝ ለመንኳት። ስልክ ላይ ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፣ ድምፄ ይዘጋል። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ማርቲ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልከዋለች፣ መሕቡባ ታነብልሻለች። መሕቡባ ልጄ፣ አንቺም የነገሩ ባለቤት ነሽና አደራሽን፤ ያልወደድሽውን አትዝለይ፣ የወደድሽውንም ጮክ አድርገሽ አታንብቢ።

«አንቺ ምስጥ» ብለሽ ነው የጀመርሽው። ድሮ መጽሐፍ ላይ ስተከል ከአጥሩ ማዶ ሆነሽ «አንቺ ምስጥ! ወረቀቱን ተይው፣ ወጡ አረረ!» ትይኝ ነበር። ባለቤቴ ተረፈ ከሞተ ወዲህ በዚያ ስም ጠርተሽኝ አታውቂም። መተውሽን ያወቅኩ አይመስልሽ ይሆናል፤ አውቄዋለሁ። አሁን ከዚያ ሁሉ አገር ማዶ ሆነሽ ስትጠሪኝ ማርቲ ፊቴን አየት አድርጋ «እትዬ ወይንሸት፣ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኳት። ደኅናም ነበርኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ጥያቄሽ ይህ ነው። ሦስቱ ልጆችሽ የሚኖሩት በሦስት ትልልቅ ከተሞች ዳርቻ ነው፤ መሕቡባ ከዋሽንግተን ወጣ ብላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሀቢቡ ከዳላስ ወጣ ብሎ ጋርላንድ፣ ሙሀይሚን ከሲያትል በታች ኬንት። ሦስቱም ቤት ከርመሻል። ሐኪሙ ደግሞ ስኳሩ ኩላሊትሽን ስለነካው አንድ ቦታ ትረፊ፣ እጥበት መጀመሩ አይቀርም ብሎሻል። ልጆቹ የኔ ሰፈር ይበልጣል በሚል ሊኳረፉ ነው። «አንቺ አንብቢና ንገሪኝ፤ አንቺ ያልሽበት እገባለሁ» አልሽ። በመጨረሻም፣ ሰው እንዳይሰማሽ ይሁን እንጃ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ወይም ለአረፋ መጥቼ በዚያው ልቅር? የአጥሩ መሹለኪያችን አለች አይደል?» አልሽ።

ከተረፈ ሞት ወዲህ አንብቤ ለሰው ምክር ሰጥቼ አላውቅም። ጎረቤት የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ሲመጣ እንኳ መነጽሬ ተሰብሯል እላለሁ። መነጽሬ አልተሰበረም።

ላንቺ ግን አነበብኩ። ማርቲ ከሥራ ስትመለስ አጠገቤ ቁጭ ትልና ስልኳ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ይገለብጥልናል። አማርኛው ሰው የጻፈው አይመስልም፣ ሐሳቡ ግን ይገባል። እዚያ አገር ትንሽ የተሻለው ሰው ከመሃል ከተማ ሸሽቶ ዳር ይወጣል ለካ። ጸጥታ ፍለጋ ነው፤ የተሻለ ትምህርት ቤት፣ የራስ ግቢ፣ የመኪና ማቆሚያ። ዳሩን የሚያስወድደው ይህ ነው ይላሉ። አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። ሰው በእግሩ ወጥቶ ሱቅ፣ ሐኪም ቤት፣ አውቶቡስ መድረስ ይችል እንደሆነ እያዩ ለየሰፈሩ ከመቶ ማርክ ይሰጣሉ።

«ቡታጅራ ስንት ታገኛለች?» አለችኝ ማርቲ።

«መቶ።»

«ኧረ እትዬ! የክረምቱ ጭቃስ?»

«ዘጠና በያት እንግዲህ።»

ሳቀች። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

በወረቀት ከሆነ የሚያሸንፈው ሀቢቡ ነው። ጋርላንድ ላይ ባነሰ ዋጋ ሰፊ ቤት ይገኛል፤ ብርድ የለም፣ የራስሽ ክፍል፣ የራስሽ መታጠቢያ አለሽ። ከፊት ለፊት ያለውን ሣር ማርቲ በፎቶ አሳይታኛለች። አንቺ ግን ምን አልሽ? «ጀፎሮውን ቆራርጠው ተካፍለውታል! ከብት የላቸው፣ ሣሩን ያጭዱና ይጥሉታል!» አልሽ። ጉንችሬ ለእናትሽ ለቅሶ የወሰድሽኝ ጊዜ ታወሰኝ። ቤቶቹ በሁለት ወገን ቆመው፣ መሐሉ ያ ሰፊ ሣር ጀፎሮው፣ የማንም ያልሆነ የሁሉም፤ ለቀስተኛው ሁሉ እሱ ላይ ተቀምጦ። እዚያማ ማን ከየትኛው ቤት እንዳልወጣ በዓይን ይታያል።

የኬንቱም አይከፋም። ዝናቡ እንደኛ ክረምት ነው አልሽ፣ ሰማዩ ሲጠራ ትልቁ ተራራ ይታያል፤ «የኛን ዘቢዳር በረዶ አልብሰው አስቀምጠውታል።» መስጊዱም ቅርብ ነው። ነገር ግን ሙሀይሚን ሌሊት እየሠራ ቀን ይተኛል፣ አንቺም እንዳይነቃ ብለሽ በእግር ጣትሽ ስትሄጂ ከረምሽ። ያ ኑሮ አይደለም፣ ዘብ መቆም ነው።

የመሕቡባን ሰፈር ደግሞ አንቺው ራስሽ አጣጣልሽው። ጠባብ ፎቅ ቤት፣ ደረጃው ላይ ልጆች ሲሯሯጡ ይውላሉ፣ የሰው ወጥ ሽታ በበር ሥር ይገባል። «እዚያማ ሰላም የለም! አንድ ቀን ራሴን አዙሮኝ የድስት ክዳን ከእጄ ቢወድቅ፣ ያቺ የታች ቤት ሴትዮ፣ ከኤል ሳልቫዶር ናት አሉ፣ ሮጣ መጥታ በሩን ልትሰብረው! ከፈትኩላት። ስኳር አፌ ውስጥ ጨመረች፣ አምቡላንስ ጠራች፤ መንደሩ ሁሉ ወጣ። እንዴት አፈርኩ መሰለሽ!»

የጋርላንዱን ስታመሰግኚ ደግሞ እንዲህ አልሽ፦ «ሀቢቡ ጋ ጸጥታ ነው፣ ማሻአላህ። አንዴ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ መነሣት አቃተኝ፤ ከሥራ እስኪመጡ እዚያው ቁጭ ብዬ ዚክር ሳደርግ ዋልኩ። ድምፅ የሚባል የለም።»

ባሂራ፣ ማርቲን ደግመሽ አሰሚኝ ብዬ የለመንኳት እዚህ ላይ ነው።

ያን ቀን ሁለታችንም አንረሳውም፣ አውርተነውም አናውቅም። ገበያ ነበር። ተረፈ ምሳ በልቶ ደረቴን አቃጠለኝ አለ። አንቺ ግቢሽ በርበሬ ስትቀነጥሺ ማቃሰቱን ሰምተሽ በመሹለኪያው መጣሽ፤ እጅሽን እንኳ አልታጠብሽም።

«ተነሺ፣ ባጃጅ ልጥራ» አልሽ።

«ጨጓራው ነው፣ አንብቤዋለሁ። ትንሽ ይረፍ።»

«ወይኒ፣ እስቲ ላቡን እይው!»

የጤና መጽሐፉን አምጥቼ ገጹን ገልጬ አሳየሁሽ። ፊደል ለማታውቂው ላንቺ ገጽ አሳየሁሽ። በመሹለኪያው ተመለስሽ። ዐስር ሰግደሽ ስትመለሺ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን «ብዬሽ ነበር» አላልሽኝም። ብትይኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እኔ ነኝ የምልሽ፤ ተነሺ። መሕቡባ ጋ ግቢ። ጠባቡ ቤት፣ ጫጫታው፣ የሰው ወጥ የሚሸተው። መጽሐፍ ስላለ አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ቤቱ ዋጋ የተጻፈው ሁሉ ላንቺ አይሆንም። ቋንቋሽን የማታውቅ ሴት የክዳን ድምፅ ሰምታ የምትመጣበት ሰፈር እሱ ነው። መሕቡባ፣ ለሴትዮዋ የቤቱን ቁልፍ ስጫት፣ ዛሬውኑ። ሀቢቡ እኅቴ ፈጥራ ነው ያነበበችው ካለ ፎቶውን አሳዪው፤ የኔን የእጅ ጽሑፍ ያውቃል፣ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። አይቀየመን። ለመታጠቢያ ቤቱ የሚያዝ ብረት ያሰራላት፣ ለጥየቃ ስትመጣ ይጠቅማታል።

የመጨረሻውን ጥያቄሽን ዘለለችው እንዳትይኝ። ለአረፋ እንድትመጪ የምፈልገውን ያህል የምፈልገው ነገር የለኝም። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ወደ መሹለኪያው ይሄዳል። ግን እዚህ ሆነሽ ለእጥበት በየሳምንቱ አዲስ አበባ ልትመላለሺ ነው? በየትኛው ጉልበት? አንድ ሰው ትንሽ ይረፍ ብያለሁ፣ ሁለተኛ አልልም። ስለዚህ አትምጪ። ይህን ስጽፍ አላለቀስኩም። ብዕሩ ቀለም ስለጨረሰ ነው ሌላ የወሰድኩት፣ ቀለሙ ተለያየ ብለሽ እንዳትጨነቂ።

ማርቲ ትናንት ቆርቆሮ ገዝታ መጣች። እኔ ጋ የተውሻቸው ዶሮዎችሽ በመሹለኪያው እየገቡ ጎመኗን ጨርሰውባታል፤ አዎ፣ አሁንም ያንቺ ዶሮዎች ነው የምላቸው። «እትዬ፣ ልዝጋው ወይ?» አለችኝ። አይዘጋ፣ ዶሮዎቹን አስራቸዋለሁ አልኳት። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ አንቺ በሱ አትመጪም። ማርቲ ግን ጆሮዋ ደኅና ነው። እኔ ጋ ክዳን ሲወድቅ ትሰማለች።

ያንቺው ምስጥ፣
ወይንሸት
ቡታጅራ