ከሐሙስ ሾርባ የተረፈው

ውድ እትዬ ጭልፋ፣

አጋልጬሻለሁ። ከሰላምታው በፊት ይህን ማወቅ አለብሽ፤ መቼም እኔ ወሬ ከጀመርኩ ዋናው ነገር ላይ የምደርሰው ድስቱ ካረረ በኋላ ነው። በስብሰባ፣ በስንት ሰው ፊት፣ ያውም በማይክሮፎን አጋልጬሻለሁ። አሁን እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ሳይሆን ደስ ብሎኛል።

ካረፍሽ ስምንት ወር ሆነ። ሽርጥሽ ዛሬም ከግምጃ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሏል። በአንቺ ቦታ የተቀጠረችው ሴትዮ ልታወርደው ስትል፣ «ተይው፣ ባለቤት አለው» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባው ሲንተከተክ ጭልፋሽን የድስቱ ጠርዝ ላይ ሁለቴ መታ መታ የምታደርጊው ድምፅ ይሰማኛል። ዞር ስል ከእንፋሎቱ በቀር ምንም የለም። አንድ ቀንማ ረስቼ፣ «እትዬ፣ ጨው በዛ እንዴ?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩሽ። ሴትዮዋ ያን ቀን አልሳቀችም፤ ማማሰያዋን አስቀምጣ ደጅ ወጣች።

ለምን ሐሙስ ብቻ እንደምትመጪ አውቃለሁ። ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ትምህርት ቢሮው የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ሊያወጣ ነው ተባለ፤ በሥሩ ያሉት መቶ አርባ ትምህርት ቤቶች ምን እንደሚያበሉ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ጭልፋ፣ ሁሉም ሊወሰን። ከአብሳዮች አንድ ተወካይ ሲፈለግ ማን ተጠራ? እኔ! መኪና ልከው ወሰዱኝ። ሰፈሩ እንዲያየኝ መስኮቱን እስከ ታች ዝቅ አደረግኩት፤ ያን ቀን ግን አንድም ሰው መንገድ ላይ አልነበረም፤ እድሌ ነው። አዳራሹ ውስጥ ፊቴ የታሸገ ውሃና «የአብሳዮች ተወካይ» የሚል ካርቶን ተቀምጧል። አጠገቤ የቢሮው ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ያ ባለ ትልቅ ሆዱ፣ የየትምህርት ቤቱን እህል የሚያከፋፍለው፣ ወንበሩን ሞልቶ ነበር።

«ሽቶ ነው የነሰነስሽው? ሽንኩርት ሽንኩርት ካልሸተትሽ ማን አብሳይ ነሽ ብሎ ያምንሻል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ራስህ እህል እህል ስለምትሸት ለሁለታችን ይበቃል» አልኩት። ሳቀ። ጥሩ ቀን ነበር እስከዚያ ድረስ።

የዕቅድ ባለሙያዋ ተነሳች። ቀጭን፣ ትሁት፣ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣች። መብራቱን አጥፍታ ግድግዳው ላይ ወረቀት አበራች። እትዬ፣ ያንቺ ወረቀት ነበር። የዕለት ቅጻችን። «የተረፈ» በሚለው አምድ ያ ወደ ግራ ዘንበል ያለው ዜሮሽ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሮ። እያንዳንዱ የሰው ፊት ያህላል። ዜሮዎቹ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ለይተው እኔን ብቻ ያዩኝ መሰለኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች ባለሙያዋ። «ይህ ማብሰያ ቤት ከአተር ሾርባ አንድ ሳህን አላስተረፈም። ከመቶ አርባው ረጅሙ ውጤት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ዕቅድ የአተር ሾርባ በሁሉም ትምህርት ቤቶች በሳምንት አራት ቀን እንዲቀርብ ሐሳብ ቀርቧል። የምግብ ዝርዝሩም በኚህ ሟች እናት መጠሪያ ‹የእትዬ ጭልፋ ማዕድ› እንዲባል።»

አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ቀድሞኝ ነው። ከዚያ በወንበሬ ጀርባ ቆመሽ ነበር። አልዞርኩም። ብዞር እንደማላይሽ አውቄ አይደለም፣ ባይሽስ ብዬ ነው።

ያ ሾርባ እኮ እትዬ! ልጆቹ ሳህኑን እንደያዙ የሚመልሱት፣ አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉት! ከድስቱ ከግማሽ በላይ ተመልሶ በጓሮ በር በኩል ወደ ዶሮ አርቢዋ የሚሄደው! ከእነዚያ አሥራ አንድ ዓመታት በፊት፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ እውነቱን ጽፈሽ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። «የተረፈ፦ ከግማሽ በላይ» ብለሽ፣ ሾርባው ይቀየርልናል ብለሽ። ቢሮው ግን ሾርባውን ሳይቀይር የሳምንቱን እህል በሙሉ በግማሽ ቆረጠው። የሰኞው ሩዝ፣ የማክሰኞው ድንች፣ የሚወዱት ሁሉ ግማሽ ሆነ። ያቺ ባለ ሁለት ሹሩባዋ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ እጅሽ ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ። ውሃ እያጠጣሻት፣ «ሬዲዮ፣ ስሚኝ» አልሽኝ፤ በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት ምንም አይተርፍም። ገባሽ?» ገብቶኛል አልኩ። በማግሥቱ እህሉ እንዲመለስ ዜሮ ጻፍሽ። ተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ማን ይተው?

ይኸው ዜሮሽ አድጎ መቶ አርባ ትምህርት ቤት ሊያበላ ነው።

ዝም ማለት እችል ነበር። ስምሽ እዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ ልጅሽ ሰምታ በደስታ ትደውልልኝ ነበር እኮ። ግን በሳምንት አራት ቀን! አንዱን ሐሙስ እንኳ አልቻልነውም።

እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን ሲሰጡኝ ተነስቼ ቆምኩ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ልጆቹ አይበሉትም። ዜሮው ውሸት ነው። የጻፈችው እሷ ናት፣ ያየሁት ደግሞ እኔ።»

የቢሮው ኃላፊ መነጽሩን አወለቀ። «ምን ያህል ይተርፍ ነበር?»

«ከግማሽ በላይ።»

«የት ይሄድ ነበር?»

«ለዶሮ።»

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ «ታዲያ ዶሮዎቹስ በሉት?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ግን አልሳቀም።

«አሥራ አንድ ዓመት ሐሰተኛ መረጃ! ይህ ማጭበርበር ይባላል፣ እመቤቴ። ሟችም ብትሆን።»

«ሟችም ብትሆን» ሲል ከኋላዬ ያለው አየር ቀዘቀዘ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ፍርሃቴ ሁሉ ንዴት ሆነ። ያቺን ልጅ ነገርኳቸው። በግማሽ የተቆረጠውን ሩዝ ነገርኳቸው። «እሷ ያጭበረበረችው ለልጆቹ ብላ ነው፤ እናንተስ እውነት ስትነግራችሁ ለምን ቀጣችኋት?» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ፣ ኃላፊውን! ብታይኝ ሽርጥሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትስቂ ነበር።

ባለሙያዋ፣ «በዚህ አምድ ነው እንዴ እህል የሚቀነሰው?» ብላ ጠየቀች። ያ ባለ ሆዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል።

«በዚሁ ነው። ቆራጩም እኔ ነኝ። መመሪያው ‹የተረፈውን ያህል ቀንስ› ይላል፤ ቀነስኩ። ልጅ ወደቀች ብሎ ግን የነገረኝ የለም።»

ባለሙያዋ ወረቀቶቹን በየተራ ማብራት ጀመረች። የአንዱ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ቁጥር፣ ከዚያ ዜሮ። የሌላው፣ ከዚያ ዜሮ። የሌላውም። ለካ አብሳዩ ሁሉ፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቅ፣ ያንቺን መንገድ ነው የሄደው። ባለሙያዋ ግድግዳው ፊት ቆማ፣ «እኔ እኮ እየተሻሻለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ስለተሰበረ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። የተረፈ የጻፈ አይቀነስበትም፤ የሚቀየረው ምግቡ ነው፤ ልጆቹ ሳይቀምሱት ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ኃላፊው «እናየዋለን» ሲል፣ «አሁን ይጻፍ፣ ሳይጻፍ ከዚህ ወንበር የምነሳ እንዳይመስልዎት» አልኩት። ተጻፈ። ስምሽ ግን ወጣ። «እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ማንሳቱ አይመችም» አሉ። ይቅር በይኝ።

ማታውን ሳልጠብቅ ከአዳራሹ ደጃፍ ለልጅሽ ደወልኩላት። ጩኸቷን እየጠበቅኩ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን አልጮኸችም።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «እማዬ ሐሙስ ሐሙስ እራት አትበላም ነበር። ሥራ ቦታ በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ ትለን ነበር። እዚያ ምን ትበላ ነበር?»

እትዬ፣ ምን ልበላት? ሐሙስ ሐሙስ የጓሮውን በር ዘግተሽ ስትመለሺ ውሃ እንኳ እንደማትቀምሺ አይቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼ ሆድሽን ያመመሽ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ይህን ሁሉ የማወራ ሴትዮ አንድ ቀን «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩሽም። «ከእኛ ጋር ትበላ ነበር» አልኳት። ዋሸሁ። አንድ ዜሮ እኔም ጻፍኩልሽ።

ሰኞ የጭነት መኪናው ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ነበር። እህሉ ሙሉ ነው፤ አተር የለም፤ በፋንታው ምስርና ካሮት። ሐሙስ አበሰልነው። ልጆቹ ድገሙን አሉ! ሮጬ ላቅፈው የምችለው ሰው ሳጣ ያችኑ ተተኪሽን አቀፍኳት፤ ምስኪን፣ ደነገጠች። ከዚያ ቅጹን ሞላሁ። «የተረፈ፦ አራት ሳህን።» እውነተኛ አራት። ስሜን ከሥሩ ጻፍኩ።

ማብሰያ ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ብጥል ምንም የለም። እንፋሎቱም እንፋሎት ብቻ ነው። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ደጋግሜ ዞር እያልኩ አየሁ እንጂ። ተቀይመሽ ነው ወይስ አርፈሽ? የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ከተቀየምሽ ነይና ተቆጪኝ። ካልተቀየምሽም፣ ምክንያት ሳትፈልጊ፣ እንዲሁ ነይ።

አሥራ ሁለት ዓመት እሳት አብራሽ የሞቀችው