ለሀዋ፣ ስለ ታችኛው ገንዳ

ሀዋዬ፣ ባለሽበት አላህ ሰላሙን ያብዛልሽ። ከተለያየን ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጉልበቴ ብቻ ከጀልባ ስወርድ እንደ ድሮው ይጮሃል። ቤቱም ደህና ነው። ወለሉ ግን ጨው ጨው ይላል፣ እሱን ላስረዳሽ ነው የተቀመጥኩት። እህትሽ ሰዓዳ መቃብርሽ ዘንድ ስትመጣ ምን ብላ እንደምትነግርሽ አላውቅምና ነገሩን ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል።

ካስቀመጥሽልኝ አምስት ዓሣ አራቱ ሞቱ። ይኸው ተናገርኩት። ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ላይ ዓሣ ሳወጣ የኖርኩ፣ ያን ሁሉ የቆሮሶ ዓሣ ስቀረጥፍና ስሸጥ ልቤ አንድ ቀን ያልተነካ ሰው፣ ጣት ለማታክል ቢጫ ዓሣ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩ። ቀና ስል ሰዓዳ በአጥር ላይ ታየኛለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ከእኔ ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሆኗል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለውጥ መጣ፣ ሁሉም ይስተካከላል በተባለበት ሰሞን ከጂዳ ስትመለሺ፣ ሌላዋ ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዛ ስትገባ አንቺ የባሕር ዓሣ ማኖር ተምረሽ መጣሽ። የማዳምሽን የዓሣ መስታወት ስምንት ዓመት ስትጠብቂ ከቤቱ ሰው ሁሉ የወደድሽው እሱን ነበር። እዚህም የራስሽን መስታወት ስታቆሚ የሰዓዳ ልጅ ኢብራሂም የጭነት መኪናውን ከጅቡቲ ሲመልስ በቢጫ ጀሪካን የባሕር ውሃ አመጣልሽ፤ ከውሃው ጋር ዓሣና ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ላይ አበባ የሚመስል ነገር ነበር፣ አንቺ ግን እንስሳ ነው ብለሽ ምለሽ ነገርሽን። ሐይቅ ደጁ ተኝቶ ውሃ ከጅቡቲ የሚያስመጣ ሰው አየን ብለው ሳቁብን። አልዋሽሽም፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ጦርነቱ መጥቶ ሸሽተን ስንመለስ በሩ ተነቅሎ፣ ፍራሹ ሄዶ፣ መስታወቱ ብቻ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ውስጡ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ካልሲ ተዘፍዝፎበት ነበር። ለበሩ ያላለቀስሽ ሴት ለዓሣዎቹ አለቀስሽ፤ እኔ በሩን ሳላስገጥም አንቺ ኢብራሂም ጋ ደወልሽ።

ያኔ ነው ሳምፕ የሚሉትን ነገር ያነሳሽብኝ። ከመስታወቱ በታች ሌላ ገንዳ ይቀመጣል፤ ውሃው በቧንቧ ወደዚያ ወርዶ ቆሻሻውን ይጥላል፤ የጠራውን ፓምፕ በቱቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የማዳምሽ ቤት እንዲያ ነበር። እኔ ግን ከመስታወቱ በታች መረቤን አስቀምጥ ነበርና እምቢ አልኩ። ለሰው ያልተሠራ ምድር ቤት ለዓሣ ይሠራለታል ወይ ብዬም ቀለድኩብሽ። ሳቅሽና ተውሽው። በታመምሽ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ፣ ፊትሽን ወደ መስታወቱ አዙረሽ፣ ሰይዴ ያቺን ገንዳ ብትሠራላቸው አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። እሺ ያለው ግን አፌ ነው።

አራቱ አልቀው ያቺ የምትወጂያት፣ ነጭ መቀነት የታጠቀችው ብርቱካንማ ዓሣ ብቻዋን ስትቀር መረቤን ጎትቼ አወጣሁ። እሷም ከሄደች ካንቺ እጅ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር በዚህ ቤት አይኖርም። ውጫሌ ድረስ ሄጄ መስታወት ቆራጩን ሳስረዳው የሱቅ መደርደሪያ መስሎት ቁልፍ ሊገጥምለት ነበር። ማጣበቁን ራሴ በሲሊኮን ሠራሁት፤ ጢሜም አብሮ ተጣብቆ ግማሹን ሰዓዳ በመቀስ አነሳችልኝ። ፓምፑን ኢብራሂም አመጣው።

የዓመትሽ ሰደቃ ጠዋት አስነሳሁት። ውሃው ወረደ፣ ውሃው ወጣ፤ ዓሣዋም ዞር ዞር አለች። ኩራቱ አናቴ ላይ ወጣ። እንግዳ ሊያየው ነው ብዬ የታችኛውን ገንዳ እስከ አፉ ጢም አድርጌ ሞላሁት። ታውቂያለሽ፣ በእኛ ዘንድ ጎዶሎ ዕቃ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ሻይ እንኳ ከአፉ ጎድሎ ቢሰጡት ሰዉ ምን አጠፋሁ ብሎ ይሄዳል። ለውሃ ማን ይሰስታል?

ቤቱ በሰው ሞላ። ሸኽ ሙሄን የክብሩ ቦታ ላይ፣ መስታወቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ዱዓው ገና ሲጀመር መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ፤ ውሃው ግን ዝም አላለም። በቧንቧው መውረዱን ቀጠለ፣ ወደ ላይ ይመልሰው የነበረው ቱቦም ወገኑን ከድቶ ወደ ታች ይስብ ጀመር። ከታች ያለው ገንዳ ቦታ የለውም፣ በእኔ ቸርነት ሞልቷል።

መጀመሪያ የደረሰው ሸኽ ሙሄ ጋ ነው። ፊታቸው ተለወጠ፣ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና ዱዓውን አላቋረጡም። ቀጥሎ ሴቶቹ ምንጣፉ ሲርስ አይተው የሀዋ ከራማ ነው፣ ምንጭ ፈለቀ አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጉልበቷን ያማት የለ፣ ጠበልም ቢሆን ከራማም ቢሆን አይቅርብኝ ብላ በጠርሙስ ቀዳች። የዓሣ ኩስ ነው ለማለት አፈርኩ። ጉልበቷ ተሽሎኛል ስትል ሰንብታለች፣ እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ቀና ስል መስታወቱ ከግማሽ በታች ወርዷል። ዓሣዋ በጎኗ ተኝታ አፏን ትከፍታለች። ሀዋ፣ ያኔ ጮኽኩ። ሞተችብኝ፣ ሞተችብኝ እያልኩ ጮኽኩ። በቀብርሽ ቀን ያልወጣ፣ ዓመት ሙሉ ደረቴ ውስጥ የተቀመጠ ድምፅ ነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የወጣው። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ለዓሣ እንዳልጮኽኩ ያወቀ ይመስለኛል።

መጀመሪያ እጅጌዋን የሰበሰበችው ሰዓዳ ናት። እኔ ቧንቧውንና ቱቦውን በጨርቅ ስወትፍ እሷ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ከታች እየቀዳች ወደ ላይ መለሰች፤ ከዚያም ንፋስ እንዲገባው ከራሱ ከመስታወቱ እየቀዱ፣ ከፍ አድርገው እያፈሰሱ ተፈራረቁበት። ሸኽ ሙሄ እርጥብ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ዱዓውን ቀጠሉ። አንድ አሚን፣ አንድ ማንቆርቆሪያ። ዱዓው ከቆመ እጁም እንደሚቆም ገብቷቸዋልና ሊያሳርጉት አልጨከኑም። ለአንቺ ለመኑ። ለእናት አባቶቻችን፣ ለአገር ሰላም፣ ለዝናብ፣ ዓረብ አገር ላሉ ልጆች ለመኑ። ማዶ ገዳሙ ላሉ መነኮሳትም ደረሳቸው፣ እትዬ ብርቄ ከሁሉ ጎልታ አሚን አለች። ለባጃጅ ነጂዎች ለመኑ። ዐስር ሶላት ሲቃረብ የሚለምኑለት ሰው አለቀባቸውና መብራቱን ለሚያጠፉትም ሰዎች ዱዓ አደረጉ። ለዚያኛው አሚን ድምፁ ትንሽ ሳሳ፣ መብራቱ ግን ያኔ መጣ።

ዓሣሽ እስከ መግሪብ በጎኗ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። አለች፣ ሀዋዬ፣ ዛሬም አለች።

በማግስቱ ጥፋቴን አረምኩ። ፓምፑን አጥፍቼ የሚወርደው ሁሉ እስኪወርድ ጠበቅኩ፤ ከገንዳው አፍ እንዳያልፍ ከታች ያለውን ውሃ ቀነስኩ፤ ከዚያ በላይ እንዳልሞላም በኩል መኳያ እንጨትሽ መስመር አሰመርኩ። ቱቦውንም ከላይኛው ውሃ ፊት ትንሽ ዝቅ አድርጌ በጋለ ምስማር በሳሁት፤ ውሃው ትንሽ እንደጎደለ በቀዳዳው አየር ይስብና መውረዱን ይተዋል። መብራት ከዚያ ወዲህ ስንቴ ጠፋ መሰለሽ፣ ወለሉ ላይ ጠብታ አልወረደም። ግን ለአንድ ገንዳ ያን ያህል ቦታ ልነፍግሽ አይገባም ነበር።

አሁን የቸገረኝ ውሃው ነው። ወለሉ የጠጣው ሄዷል፣ እትዬ ብርቄም የወሰደችውን አልመለሰችም። ኢብራሂም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በዚህ ጉዞ እኔም አብሬው ነኝ። በስድሳ ዓመቴ የመኪና ረዳት ልሆን ነው፤ ኢብራሂም ጎማ ስትቀይር ላይህ እያለ ይስቃል።

ያንን ባሕር አይቼው አላውቅም። አንቺ በጀልባ ስትሻገሪው እኔ ኮምቦልቻ ላይ ተሰናብቼሽ ተመልሼ ነበር። ዳሩ ላይ ብቻሽን ቆመሽ ወደ ኋላ ስታዪ እንደነበር የነገርሽኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ እኔም ያኔ ወሬ ለወጥኩ። አሁን እዚያው እደርሳለሁ። ስምሽን ጠርቼ አፉ በይኝ እላለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ ጀሪካኑንም ከመሙላቴ በፊት፣ ያኔ ሳልሸኝሽ የቀረሁትን፣ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄጄ እሸኝሻለሁ።

ባልሽ ሰይድ