ልጄ በአካል ቀርባ እንድትፈርም ለጠየቀው ዩኒቨርሲቲ

አርባ ምንጭ ከተማ ለሚገኘውና ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የግል ዩኒቨርሲቲ
ለተከበሩ ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለመላው ሠራተኛዎና በተለይም ለማኅተምዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እጄ ብዕር ስላልለመደ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ግማሹን ጊዜ የወሰደብኝ ግን ሳቅ ነው። ልጅ የቀበረች ሴት ብቻዋን ስትስቅ ጎረቤት ስለሚፈራ በሬን ዘግቼ ነው የምስቀው።

የገረሴዋ ማሚቱ ኦይታ እባላለሁ። ልጄ ቤተል በዩኒቨርሲቲዎ የአራተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበረች። በየካቲት ወር ወባ ይዟት በአምስተኛው ቀን አረፈች። ከመታመሟ በፊት ለመመረቂያ ሥራዋ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወርዳ፣ ዓሣ ስለሚሸጡ ሴቶች የሃያ ደቂቃ የሬዲዮ ፕሮግራም ሠርታ ነበር። ስልኳ በሕመሟ ሰሞን ጠፍቷል፤ የእኔ ስልክ ደግሞ ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው የልጄ ድምፅ በእናንተ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ለአዲስ ተማሪዎች ሲባል ሰኔ ሠላሳ ቀን እንደሚጸዳ ተነግሮኛል። የምለምነው ያንን ድምፅ ነው። አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋታችሁ። ቤተል ከተቀበረች ወዲህ በስሟ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ከክፍል ለምን እንደቀረች በትሕትና ይጠይቃታል። ሁለተኛው ያስጠነቅቃታል። ሦስተኛው ጠባይዋን ካላሻሻለች ከትምህርት ገበታዋ እንደምትሰናበት ያሳውቃታል። በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም ነበርና፣ ስሟ ተጠርቶ ዝም ስትል ቅር ቢላችሁ አይፈረድባችሁም። የሐዘን ደብዳቤ ያልላካችሁት በእነዚህ ሦስቱ ወረቀት አልቆባችሁ መሆን አለበት ብዬ ለቀስተኛውን አስረድቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ። አራት ጊዜ ከገረሴ ወርጄ ሬጅስትራር ቢሮ ቀርቤአለሁ። የቢሮው ኃላፊ ወ/ሮ በለጥሽ ሁልጊዜ ወንበር ይሰጡኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወንበሩን ከሰጡኝ በኋላ «እማማ፣ ደንብ ደንብ ነው፤ የተማሪ ሥራ የሚወጣው ተማሪዋ ራሷ በአካል ቀርባ ስትፈርም ነው» ይሉኛል። የሞት ምስክር ወረቀቷን አሳየኋቸው። በጥንቃቄ አንብበው መለሱልኝና «ይሄ እኮ መሞቷን ነው የሚገልጸው፤ መፍቀዷን የት ይላል?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚያው ወንበር ላይ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ወ/ሮ በለጥሽ ደንግጠው ውኃ አስመጡልኝ። በአራተኛው ጊዜ ደግሞ ውክልና ይዤ እንድመጣ መከሩኝ። ውክልናውን ማን ይሰጠኛል ብላቸው «እሷው ራሷ ነቻ» አሉ። ቤተል ያለችው ገረሴ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከአባቷ ጎን ነው። ቅጹን የሚያስፈርም ሠራተኛ ብትልኩ መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ። ዝናቡ ሳይጠነክር ቢመጣ ይሻላል፤ ጫማው እንዳይበላሽ።

ሦስተኛ፣ ስለ ትምህርታችሁ ጥራት። ዳግም የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ ፕሮግራሙን ከእሷ ጋር ሰምቶት ስለነበር ነገሩን ሁሉ አጫውቶኛል። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቤተል አንዲቱን ዓሣ ሻጭ ከአዞ ጋር በአንድ ሐይቅ መዋል አያስፈራም ወይ ብላ ትጠይቃታለች። ሴትየዋም «አዞው ምን አለኝ ልጄ፣ እሱ ከጠገበ ይሄዳል፤ የእኔ ባል ነው ጠግቦም የማይሄደው» ትላታለች። ልጄ በዚህ ትስቃለች፤ ማቆም ያቅታታል፤ ዓሣ የሚበልቱት ሴቶችም ቢላዋቸውን አስቀምጠው አብረዋት ይስቃሉ። ጋዜጠኛ ሥራ ላይ አይስቅም ተብሎ ለዚህ ሳቅ አምስት ነጥብ ተቀንሶባታል። ተገቢ ነው። እኔ ግን ከሃያው ደቂቃ የምፈልገው ያችን ስህተት ብቻ ነው። የተስተካከለውን ክፍል ለእናንተ ትቼላችኋለሁ።

አራተኛ ብዬ ስለ ምረቃው መጽሔት መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሳቄን ስላቆመብኝ ሰረዝኩት።

ይህን ሁሉ ለሰፈራችን ሽማግሌ ለአቶ ደበሌ ነገርኳቸው። እንደሚያውቁት በእኛ በጋሞ፣ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከተንበረከኩ የተለመነው ሰው እንቢ ብሎ አያልፋቸውም፤ ለጠብ የወጣ ጎረምሳ እንኳ ዱላውን ጥሎ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። አንደኛው «ሳር የሚያዘው ለደም ነው፤ ለሳቅ ተይዞ አያውቅም» ብለው ነበር። አቶ ደበሌ ግን «ለበሬ ግጦሽ ስንንበረከክ የኖርን ሰዎች፣ ለልጅ ሳቅ ስንባል ነው ጉልበታችን የሚያመን?» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

ስለዚህ የፊታችን ሰኞ ጠዋት፣ ቢሮ ሲከፈት፣ ዐሥራ ሁለት አባቶች ሳር ይዘው በዋናው በር ላይ ይንበረከካሉ። ድምፅ አያሰሙም፤ ማንንም አይሳደቡም፤ እስኪመለስላቸው ግን አይነሱም። ሰባቱ መፈረም ይችላሉ፤ አምስቱ አውራ ጣታቸውን ያቀርባሉ። ወ/ሮ በለጥሽ የፈለጉትን ያህል ቅጽ ያዘጋጁ። እኔ አንድ ባዶ ፍላሽ ይዤ ከኋላቸው እቆማለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለደንብዎና ሞት እንኳ ላልበገረው የተማሪ መዝገብዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከእግርዎ በታች ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ማሚቱ ኦይታ
በማስጠንቀቂያ ላይ የምትገኘው የተማሪ ቤተል እናት

ግልባጭ፦
ለሬጅስትራር ቢሮ
ለጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል፣ ዜና መሆኑን ካመነበት
ለጥበቃ ክፍል፣ ሳር ይዞ መግባት ክልክል ከሆነ አስቀድሞ እንዲያሳውቀን

ማስታወሻ፦ ባለጉዳይ ሲበዛብዎ በጓሮ በር መውጣት እንደሚቀልልዎ ሰምተናል። እንዳይጨነቁ፤ ከዐሥራ ሁለቱ ሌላ ጉልበታቸው ያልደከመ ሁለት አባቶች ለዚያኛው በር ተመድበዋል።